ወደ ከፋ የተፈቀደው ምድር ባቡር

ነገሥታት ከተማ በሚቈረቍሩበት ጊዜ አስቀድመው የሚያስቡት ስለ እልፍኝና ስለ አዳራሽ ውበት አይደለም፤ ጠላት በየት በኩል ይመጣል፥ ወዳጅስ በየት በኩል ይገባል ብለው ነው። ስለዚህ የንጉሥ ከተማ አብዛኛውን ጊዜ በተራራ ራስ ላይ ይሆናል፤ ዙሪያውም በካብ ወይም በጥልቅ ጕድባ ይታጠራል፤ በሩ ጥቂት፥ በረኛው ብዙ ነው። የምድር ባቡር ጠባይ ግን ሌላ ነው። ሐዲዱ አቀበትን ይጠላል፤ ሜዳ ሜዳውን፥ የወንዝ ዳር ዳሩን ይከተላል፤ የተዘጋ በርም አይወድም። ሁለቱ በጠባያቸው ይህን ያህል ቢለያዩም ባንዳንድ አገር ተስማምተው ኖረዋል። በኢትዮጵያ ግን ሳይገናኙ ተላለፉ።

ተስማምተው ለመኖራቸው የህንድ አገር ምስክር ነው። በእንግሊዝ መንግሥት ጥላ ሥር ሆነው ርስታቸውን ያስተዳድሩ የነበሩት ራጃዎች ሐዲድን ከዙፋናቸው ጌጥ እንደ አንዱ ቈጠሩት። የባሮዳው ገዥ በ1862 እ.ኤ.አ. ባሠራው ጠባብ ሐዲድ ላይ መጀመሪያ ሠረገላውን የሚስቡት በሬዎች ነበሩ፤ የጆድፑርም መንግሥት በ1882 እ.ኤ.አ. የራሱን ባቡር አስነሣ። ራጃዎቹ ሥልጣናቸውን ከለቀቁ በኋላም ነገሩ አልጠፋም። በ1982 እ.ኤ.አ. «ቤተ መንግሥት በመንኰራኵር ላይ» የሚል ስም የተሰጠው ባቡር ከዴልሂ ተነሥቶ ሀብታም መንገደኞችን በለስላሳ አልጋና በተሰናዳ ማዕድ እያስተናገደ ወደ ጃይፑር፥ ወደ ኡዳይፑርና ወደ ጃይሳልሜር፥ ወደ ቺቶርም ምሽግ ያደርስ ጀመር። ቀድሞ በዝሆንና በፈረስ ብቻ ይገባባቸው የነበሩት በሮች እንዲህ ሆነው ለባቡር መንገደኛ ተከፈቱ።

የኢትዮጵያም ነገር በወረቀት ላይ ከዚህ የሚያንስ አልነበረም። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለመሐንዲሱ ለአልፍሬድ ኢልግ በሰጡት የ99 ዓመት ፈቃድ ውስጥ ሐዲዱ በሦስት ተከፍሎ ተጽፎ ነበር። ኢልግ በ1879 እ.ኤ.አ. ወደ ሸዋ የመጣ የስዊስ አገር ሰው ነው፤ በዚህም ሥራ ሸፍኖ የተባለ ፈረንሳዊ አብሮት ነበረ። የመጀመሪያው ክፍል ከጅቡቲ እስከ ሐረር፥ ሁለተኛው ከሐረር እስከ እንጦጦ፥ ሦስተኛውም ከእንጦጦ ተነሥቶ በከፋ በኩል እስከ ነጭ ዓባይ የሚደርስ ነበር። ስለ ፊተኞቹ ሁለት ክፍሎች ብዙ ተጽፏል፤ ሦስተኛው ግን ያለ ለቅሶ የተቀበረ ሰው ይመስላል።

የዚህ ሦስተኛ መንገድ ትርጉም የሚገባው ካርታ ዘርግቶ ለሚያይ ሰው ነው። ከሸዋ ተነሥቶ ወደ ከፋ የሚወርድ መንገደኛ፥ ነጋዴም ቢሆን ወታደር፥ የጊቤን ወንዝ ሳይሻገር አይሆንለትም። ጊቤ ደግሞ በጥልቅ ቈላ ውስጥ የሚሄድ ነው፤ ቈላውም ለደጋ ሰው የንዳድ አገር ነበረ። የሲራራ ነጋዴ በአበልቲ ሥር መልካውን ተሻግሮ ዳገቱን ሲወጣ የሚያገኘው ነፋሻ ደጋ የሰኮሩ አገር ነው። በደቡቡ የየም ተራሮች ይታያሉ፤ ወደ ምዕራብ መንገዱ በአሰንዳቦና በሰርቦ አድርጎ ጅማ ይገባል። ዛሬ ከሰኮሩ እስከ ጅማ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ይቈጠራል። መሐንዲሶች ሐዲዱ በዚህ ያልፋል ብለው የተከሉት ችካል የለም፤ ዳሩ ግን እግርና ሰኰና ለብዙ ዘመን የመረጡት ማለፊያ ይህ ነበረ።

ይህ አገር የንጉሥ አገር ደጃፍ ነበር። በጊቤ ምድር በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት አምስት የኦሮሞ መንግሥታት ነበሩ፤ እነርሱም ሊሙ እናርያ፥ ጎማ፥ ጉማ፥ ጌራና ጅማ ናቸው። ከነዚህ ሁሉ ኀይለኛ ሆኖ የወጣው የጅማ መንግሥት ወሰኑን እንደ ቤት አጥር ይጠብቀው ነበር። ወንዝ ባለበት በወንዙ፥ ወንዝ በሌለበት ጕድባ በመቈፈርና አጥር በማጠር ድንበሩን ዘጋው፤ ከድንበሩም ውጭ ማንም የማይሰፍርበት ጠፍ መሬት ይተው ነበር፤ ይህም ሞጋ ይባላል። መግቢያው በኬላ ብቻ ነው፤ በኬላውም ላይ አባ ኬላ የሚባል ሹም ተሾሞ የሚገባውንና የሚወጣውን ይመረምራል። ነጋዴ በዚያ ይቈማል፤ ማን እንደ ሆነ፥ ከወዴት እንደ መጣ ይጠየቃል።

ከኬላው አልፎ የሚገባው እንግዳ መጨረሻው ጅሬን ነው። ጅሬን የጅማ ነገሥታት መቀመጫ ስትሆን ከዛሬው የጅማ ከተማ በላይ ባለው ኮረብታ ላይ ናት። ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. የነገሡት ሁለተኛው አባ ጅፋር በዚያ ያሠሩት በእንጨት ሥራው የታወቀው ቤተ መንግሥት እስከ ዛሬ ቆሞ ይታያል። ከኮረብታው በታች የሂርማታ ገበያ ነበረ። ቡና፥ ማር፥ የዝሆን ጥርስ፥ ዝባድ፥ አሞሌ ጨውና ጨርቅ ይመጣበት ነበር፤ ሰውም ይሸጥበት ነበር፤ ይህ ሳይነገር የሚታለፍ ነገር አይደለም። አፍካላ የሚባሉት የአገሩ ነጋዴዎችና ጀበርቲዎች ከሸዋና ከጎጃም ከሚመጡት ጋር በዚያ ይገበያዩ ነበር።

አባ ጅፋር ለምኒልክ የገበሩት ያለ ጦርነት ነው። እናታቸው ገኔ ጉሚቲ በምክራቸው የታወቁ ሴት ነበሩ፤ የሸዋ ጦር የማይቻል መሆኑን አይተው ልጃቸውን ገብር እንጂ አትዋጋ ብለው እንደ መከሩ ይነገራል። ምክሩም ሠመረ። የጎረቤት መንግሥታት ሲፈርሱና ሕዝባቸው ሲበተን ጅማ ግብሯን እየላከች በራሷ ንጉሥ፥ በራሷ ሕግና በእስልምና ሃይማኖቷ ከአርባ ዓመት በላይ ተቀመጠች። ክርስቲያኑ ንጉሠ ነገሥትም ቃላቸውን ጠብቀው በጅማ ውስጥ ሹም ሳይሾሙ ቈዩ። ይህን ዓይነቱን ስምምነት በዚያ ዘመን የፈጸሙ ነገሥታት ብዙ አይደሉም፤ ለሁለቱም ምስጋና ይገባል።

ከፋ ግን ይህ ዕድል አልገጠመውም። የከፋ ንጉሥ ታቶ ይባላል፤ አገሩም እንደ ጅማ በጕድባና በበር የተመሸገ ነበረ። በ1889 ዓ.ም. ራስ ወልደ ጊዮርጊስ ዘመቱበት፤ የአባ ጅፋርም ጦር ከዘማቾቹ ጋር ነበረ። ታቶ ጋኪ ሸሮቾ በዱርና በገደል ለወራት ከተከላከለ በኋላ በ1890 ዓ.ም. መባቻ ተያዘ። እዚህ ላይ ዘመኑን ልብ ማለት ይገባል። ንጉሡ በተያዘ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በጅቡቲ የሐዲዱ ሥራ ተጀመረ። ወደ ከፋ ይሄዳል የተባለው ባቡር የመጀመሪያ ብረቱ በባሕር ዳር ሲነጠፍ የሚሄድበት መንግሥት ፈርሶ ነበር ማለት ነው። የከፋ ዘውድ ደግሞ በኢልግ እጅ ገባ፤ እርሱም ወደ አገሩ ወደ ስዊስ ወሰደው፤ ወደ ኢትዮጵያ የተመለሰው በ1954 እ.ኤ.አ. ነው። ባቡሩን ወደ ከፋ ሊያመጣ ፈቃድ የተቀበለው ሰው የከፋን ዘውድ ይዞ ወጣ፤ በታሪክ ውስጥ እንዲህ ያለ መገጣጠም ሲገኝ ዝም ብሎ ማለፍ ያስቸግራል።

የሐረርም ነገር ከዚህ የተለየ አይደለም። ሐረር በአሥራ ስድስተኛው መቶ ዓመት በአሚር ኑር ዘመን የተሠራ ጀጎል የሚባል ቅጥርና አምስት የጥንት በሮች ያላት ከተማ ናት። በፈቃዱ ወረቀት ላይ የመጀመሪያው ሐዲድ መድረሻ እርሷ ነበረች። ነገር ግን ኩባንያው ተራራውን መውጣት ገንዘቡን እንደሚበላበት አይቶ ከተራራው በታች ባለው ሜዳ ቀረ፤ በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ የደረሰበት ሜዳ ድሬዳዋ የሚባል ከተማ ሆነ። የነጋዴው ልብም ከቅጥሩ ከተማ ወደ ባቡሩ ከተማ ወረደ። ስለዚህ በወረቀቱ ላይ በስም ከተጠሩት የድሮ መንግሥታት መካከል፥ ከሐረርና ከከፋ፥ ባቡሩ ወደ አንዱም አልገባም።

ሦስተኛው መንገድ ስለ ምን ቀረ ቢሉ፥ ብዙ ሰው የጊቤን ገደል ያነሣል። ገደሉ ከባድ መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን የአዋሽም ገደል ድልድይ ተሠርቶበታል። ሁለተኛው ምክንያት ገንዘብ ነው፤ የፊተኛው ኩባንያ ድሬዳዋ ከደረሰ በኋላ ዕዳ ስለ በዛበት በ1907 እ.ኤ.አ. ከሰረ፥ ሥራውንም በሚከተለው ዓመት ሌላ የፈረንሳይ ኩባንያ ተረከበው። ከሁሉ የሚበልጠው ምክንያት ግን በለንደን የተጻፈ ወረቀት ነው። በታኅሣሥ 1899 ዓ.ም. እንግሊዝ፥ ፈረንሳይና ኢጣልያ ስለ ኢትዮጵያ በመካከላቸው ተዋዋሉ፤ በውሉም ውስጥ ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ የሚሠራ ምድር ባቡር የውጭ አገር እርዳታ ካስፈለገው በእንግሊዝ በኩል ይሁን፥ ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ ያለው ግን በፈረንሳይ በኩል ይሁን ተባለ። እንግሊዝ አስቀድሞም በ1894 ዓ.ም. ውል ሱዳንን ከኡጋንዳ የሚያገናኝ ሐዲድ በኢትዮጵያ ምድር ለማሳለፍ ፈቃድ ተቀብሎ ነበር፤ በባሮም ወንዝ ላይ በጋምቤላ የንግድ ስፍራ ተሰጥቶታል። ምኒልክ ውሉ በተነገራቸው ጊዜ ሥልጣናቸውን እንደማይነካው ገልጠው መለሱ። ቃላቸው የንጉሥ ቃል ነበረ፤ ሐዲዱ ግን ከአዲስ አበባ አንድ ክንድ ወደ ምዕራብ አልሄደም። የፈረንሳይ ኩባንያ እንዳይሠራው ታገደ፤ እንግሊዝም አልሠራውም። ለራሱ የማያርሰውን መሬት ሌላው እንዳያርሰው የሚያጥር ጎረቤት በየአገሩ አለ።

የምሥራቁ መንገድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ደረሰ፤ ርዝመቱም 784 ኪሎ ሜትር ሆነ። ባቡሩ በሌሊት ስለማይሄድ መንገደኛው በድሬዳዋና በአዋሽ እያደረ በሦስተኛው ቀን ይገባ ነበር። ሀብታሙ በአንደኛ ማዕርግ፥ ድኻው በሦስተኛ ማዕርግ ስንቁን በአገልግል ይዞ ይሄዳል፤ የአዋሽ ጣቢያ ምግብ ቤትም በእንግዳ አቀባበሉ ስም አገኘ። የባቡሩ ክብር ከፍ ብሎ የታየው በጥቅምት 1923 ዓ.ም. ነው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን የዘውድ በዓል ለማክበር የእንግሊዙ የግሎስተር መስፍን፥ የኢጣልያው የኡዲኔ ልዑል፥ የፈረንሳዩም ማርሻል ፍራንሼ ዴስፔሬ ከጅቡቲ ተነሥተው በዚሁ ሐዲድ መጡ። ለንጉሠ ነገሥቱ ጕዞም ልዩ ልዩ ሠረገላዎች ተሠርተው በለገሐር ይጠበቁ ነበር። ሆኖም ያው ሐዲድ በሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱን ወደ ስደት ይዞ ሄደ። የምቾት መንገድ ለደስታም ለኀዘንም አንድ ነው።

በዚያ ሁሉ ጊዜ የምዕራቡ መንገድ በበቅሎ ነበረ። መሳፍንትና ባላባቶች ወደ ጅማ ሲወርዱ ምቾታቸውን አብረው ይጭኑ ነበር፤ ድንኳን፥ ምንጣፍ፥ ጠጅ በበርሜል፥ ወጥ ቤትና እንጀራ ጋጋሪ። በየሰፈሩ ድንኳን ይተከላል፤ ያገሩም ሰው ደርጎ ያቀርባል። ይህ ጕዞ በባቡር ከሚደረገው ይልቅ ግርማ ነበረው፤ ነገር ግን የግርማውን ዋጋ የሚከፍለው መንገደኛው ሳይሆን በመንገዱ ዳር የሚኖረው ገበሬ ነው። የሰኮሩና የአበልቲ ሰው ስለ መኳንንት ጕዞ ሲያወራ ስለ ኮርቻው ብር ብቻ የሚያወራ አይመስልም፤ ስለ ታረደው በሬም ያወራል።

ቡናውም እንዲሁ ተንገላታ። ከጅማ ዙሪያ የተለቀመ ቡና በአጋሰስ ተጭኖ ጊቤን ይሻገራል፥ በየኬላው ቀረጥ ይከፍላል፥ ከሳምንት በላይ ተጕዞ አዲስ አበባ ይደርሳል፤ ከዚያ ወዲያ ብቻ ባቡር ያገኛል። በክረምት ጊቤ ሲሞላ ነጋዴው በዳር ተቀምጦ ውሃው እስኪጐድል ይጠብቃል። ስለዚህ ባቡሩ ከባሕር እስከ አዲስ አበባ ያቀለለውን ወጪ የጊቤ ዳገት መልሶ ይበላው ነበር፤ ለቡናው ባለቤት የሚደርሰውም ዋጋ በዚያው ልክ ያንስ ነበር። ሩቅ ያለው የኢሉባቦር ቡና እንኳ በባሮ በኩል በእንግሊዝ መርከብ ወደ ካርቱም መውረዱ የዚህ ምስክር ነው።

በዚያው መንገድ ላይ ቡና ብቻ አልሄደም። ከጊቤ ማዶ የተፈነገሉ ወንድና ሴት ልጆች በአበልቲ መልካ እየተሻገሩ ወደ ሸዋ ይነዱ ነበር። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. የባርነትን ነገር የሚከለክል አዋጅ አወጡ፤ ፍጹም የሚሽረው አዋጅ የወጣው ግን በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ነው። ባቡር ቢኖር ይህን ያስቀረው ነበር ማለት ድፍረት ነው፤ ሐዲድ ራሱ በብዙ አገር በግዳጅ ጕልበት ተሠርቷል። ነገር ግን በባቡር ጣቢያ ብዙ ዓይን አለ፤ በበረሓ መልካ ግን የሚያይ የለም።

የሆነ ሆኖ የባቡሩ አለመምጣት ለጅማ ንጉሥ ጥቅም እንደ ነበረው ሊካድ አይገባም። የአባ ጅፋር ምሽግ ጕድባውና ኬላው ብቻ አልነበረም፤ የጊቤ ቈላና የመንገዱ ርዝመት ትልቁ ምሽጋቸው ነበረ። የአዲስ አበባ ሹም በሁለት ቀን ጅማ የሚደርስ ቢሆን ኖሮ የገኔ ጉሚቲ ምክር አርባ ዓመት ባልቈየም። የህንድ ራጃ በራሱ ሐዲድ ሲመካ ያው ሐዲድ የእንግሊዝን ጦር ወደ በሩ እንደሚያደርስ ያውቅ ነበር። አባ ጅፋር በሸመገሉና በታመሙ ጊዜ ነገሩ ተለወጠ። በ1932 እ.ኤ.አ. እርሳቸው ሲያርፉ የጅማ ራስ ገዝነት አበቃ፤ የልጅ ልጃቸው አባ ጆቢርም እንደ አያታቸው ሊነግሡ አልቻሉም፤ አገሩም ከአዲስ አበባ በተላኩ ሹማምንት መተዳደር ጀመረ። ያን ጊዜ ባቡር ሳያስፈልግ አውቶሞቢል መጥቶ ነበር።

የጊቤን ዳገት በደንብ የቈረጠው የኢጣልያ ወራሪ ነው። ጅማን የደቡብ ምዕራቡ ግዛት ዋና ከተማ አድርጎ ከአዲስ አበባ ጋር በመኪና መንገድ አገናኛት፤ ለጦሩ እንጂ ለአገሩ ብሎ አይደለም። መንገዱም ለጌታው አልቈየለትም። በ1933 ዓ.ም. ግንቦት ማለቂያ የእንግሊዝ መንግሥት የአፍሪካ ወታደሮች፥ ከነዚህም ውስጥ የናይጄሪያ ልጆች፥ በአበልቲ በኩል ወንዙን ተሻግረው ምሽጉን ያዙ፤ ጅማም በሰኔ ወር ተያዘች፤ የገረሱ ዱኪም አርበኞች በዚያ ዘመቻ የራሳቸው ድርሻ አላቸው። የሲራራ ነጋዴ የሚሻገርበት መልካ እንዲህ ሆኖ የጦር ሜዳ ሆነ። ከጦርነቱ በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ያቋቋሙት የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን የጅማን መንገድ ካደሳቸው ዋና ዋና መንገዶች አንዱ አደረገው፤ የምዕራቡም ሐዲድ ጕዳይ ተረሳ።

ወሬው እንደ ገና የተነሣው በ2000 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኮርፖሬሽን ከተቋቋመ በኋላ ነው። ባወጣው የሐዲድ መረብ ሐሳብ ውስጥ በኢጃጂ በኩል ወደ ጅማ፥ ከዚያም ወደ ደቡብ ሱዳን ወሰን የሚደርስ መንገድ ነበረበት። ከመቶ ዓመት በላይ ቈይቶ የኢልግ ሦስተኛ ክፍል በሌላ ስም ወደ ወረቀት ተመለሰ ማለት ነው። የተሠራው ግን ያው የምሥራቁ መንገድ ነው፤ ከሰበታ ተነሥቶ በአዳማና በድሬዳዋ ጅቡቲ የሚደርሰው አዲሱ ሐዲድ በ2009 ዓ.ም. መስከረም ተመረቀ። ይህ ባቡር እንደ ፊተኛው በከሰልና በናፍጣ ሳይሆን በኤሌክትሪክ ኀይል ይሄዳል።

ከአገሪቱም የኤሌክትሪክ ምንጮች አንዱ በሰኮሩ አጠገብ ነው። የግልገል ጊቤ ወንዝ ተገድቦ በ1996 ዓ.ም. 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ጣቢያ ሥራ ጀመረ፤ ያው ውሃ በተራራ ሥር በተቈፈረ 26 ኪሎ ሜትር ዋሻ ወርዶ ሁለተኛውን የግልገል ጊቤ ጣቢያ ያንቀሳቅሳል፤ የርሱም ኀይል ሐዲዱ ወደሚነሣበት ወደ ሰበታ በከፍተኛ መስመር ይወጣል። የጅማ ቡና ግን ዛሬም በጭነት መኪና ሆኖ በሰኮሩ በኩል አልፎ የጊቤን ቈላ ይወርዳል፤ ድልድዩን ተሻግሮም ወደ ሸዋ ዳገት ይወጣል።